ፈቃዱ ታድሷል፤ እጁስ? በሥራ ላይ ያለን ሐኪም ብቃት ደረጃ በደረጃ ለመመዘን

ለፈቃድ እድሳት የሚቀርብ የሐኪም ፋይል ወፍራም ነው። ሰርቲፊኬቶቹ በላስቲክ ተሸፍነው፣ በየዓመታቸው ተደርድረው ይመጣሉ። በአንድ ሆስፒታል የጥራት ኮሚቴ ውስጥ በቆየሁባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ፋይል በገለጥሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመላለስብኝ ነበር፦ ይህ ሰው ትናንት ማታ ተረኛ ሆኖ ምን ሠራ? ፋይሉ ይህን አይናገርም። የሚናገረው ካርድ ክፍል ውስጥ አቧራ የሚጠጣው የታካሚ ካርድ ነው።

በአገራችን ጤና ሚኒስቴር በዘረጋው የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ሥርዓት አንድ የጤና ባለሙያ በዓመት 30 ነጥብ እንዲያሟላ ይጠበቅበታል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አዲስ ተመራቂዎች የብቃት ምዘና ፈተና ይወስዳሉ። ሁለቱንም እደግፋለሁ። ይሁን እንጂ ፈተናው በር ላይ ያለ ጥበቃ ነው፤ ነጥቡም አዳራሽ ውስጥ መገኘትን ይቆጥራል። በሩን አልፎ አሥራ አምስት ዓመት የሠራ ሐኪም ዛሬ እንዴት እንደሚያክም ለማወቅ ሌላ ሥራ ያስፈልጋል። ይህ መመሪያ ያንን ሥራ በራሳቸው ሆስፒታል ለመጀመር ለሚያስቡ ሜዲካል ዳይሬክተሮች፣ የጥራት ክፍል ኃላፊዎችና የሕክምና ክፍል ኃላፊዎች የተዘጋጀ ነው። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሰዓትና ትዕግሥት ግን ይበላል።

አንድ ነገር አስቀድመን እንያዝ። አሜሪካዊው የሕክምና ትምህርት ምሁር ጆርጅ ሚለር በ1990 እ.ኤ.አ. የሐኪምን ብቃት በአራት እርከን ከፍሎት ነበር፦ ያውቃል፣ እንዴት እንደሚሠራ ያውቃል፣ ሠርቶ ያሳያል፣ በዕለት ሥራው ይሠራዋል። ሰርቲፊኬት ቢበዛ ስለ መጀመሪያው እርከን ይመሰክራል። ታካሚው የሚኖረው ግን አራተኛው እርከን ላይ ነው።

1. ለምን እንደምትመዝኑ በአንድ ገጽ ጻፉ

የእኛ የመጀመሪያ ሙከራ የከሸፈው በአንዲት ቃል ነው። ደብዳቤው ከሰው ኃይል አስተዳደር ወጣ፤ ርዕሱም «የሐኪሞች ግምገማ» የሚል ነበር። ግምገማ የሚለው ቃል በአገራችን የራሱ ታሪክ አለው፤ በስብሰባ መካከል ተነሥቶ ራስን መክሰስን፣ ባልደረባን ማጋለጥን ያስታውሳል። በዚያ ሳምንት የዓመት ፈቃድ የጠየቀው ሐኪም ብዛት እስከ ዛሬ ያስቀኛል። በሁለተኛው ዙር ስሙን «የካርድ ንባብ» አልነው፤ ደብዳቤውም ከሜዲካል ዳይሬክተሩ ወጣ።

ስሙን መለወጥ ብቻ ግን ማታለል ነው። ገጹ ላይ አራት ነገሮች በግልጽ ይስፈሩ፦ ውጤቱን ማን ያየዋል፣ የት ይቀመጣል፣ ለስንት ጊዜ፣ በምን ሁኔታስ ከኮሚቴው ውጭ ይወጣል። ምዘናው ለማገዝ ከሆነ ለደረጃ ዕድገትም ሆነ ለቅጣት እንደማይውል ጻፉና አክብሩት። ልዩ ሁኔታው አንድ ብቻ ነው፤ በታካሚ ላይ የሚደርስ ፈጣን አደጋ ከታየ ሐኪሙ ከዚያ ሥራ ወዲያው ይነሣል፤ ጉዳዩም ለሚመለከተው የጤና ተቆጣጣሪ አካል ይተላለፋል። የታካሚ አቤቱታም በዚህ መንገድ አይታይም፤ የራሱ የሥነ ምግባር ኮሚቴና የራሱ ሥርዓት አለው። ሁለቱን የቀላቀለ ሆስፒታል ከዚያ በኋላ እውነተኛ ካርድ አያይም፤ የሚያየው ምዘና ሲመጣ ለሁለት ሳምንት አምሮ የሚጻፍ ካርድ ነው።

2. ሐኪሙ በእርግጥ የሚሠራውን ዘርዝሩ

ዲፕሎማው የሚለውን ሳይሆን ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት የሠራውን። ከቀዶ ሕክምና ክፍልና ከማዋለጃ ክፍል መዝገብ፣ ከተረኝነት ፕሮግራሙም ታገኙታላችሁ። በዚህ ሥራ የሚያስደንቅ ነገር ይወጣል። ጠቅላላ ሐኪም ሆኖ የአንድ ስፔሻሊስትን ያህል የሚሠራ ታገኛላችሁ፤ ስፔሻሊስት ሆኖ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲሄድ ምላጭ ከያዘ ዓመታት የተቆጠሩለትም አለ። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ራሱ ሜዲካል ዳይሬክተሩ ነው። ሠራተኛ ሲያጥር ግን «ዛሬ እኔ እገባለሁ» ብሎ ጋውን የሚለብሰውም እሱ ነው። ከሁሉ በፊት የሚመዘነው እሱ ቢሆን ሁለት ችግር በአንድ ጊዜ ይቃለላል፤ አደጋው ይቀንሳል፣ ሌላውም ሐኪም አያኮርፍም።

3. ፋይሉን ቁጠሩ፤ ከዚያ አዛምዱት

ይህ አጭር ሥራ ነው። ፈቃዱ መታደሱን፣ ነጥቡ መሟላቱን አረጋግጡ። ቀጥሎ እያንዳንዱን ሥልጠና በተራ ቁጥር 2 ካወጣችሁት ዝርዝር ጎን አስቀምጡና ስንቱ ከዕለት ሥራው ጋር እንደሚገናኝ እዩ። አበል ያለበት ሥልጠና ሁሉ ለሥራው አስፈላጊ እንዳልሆነ የማያውቅ ሐኪም የለም።

«ሐኪሙ ራሱ የሚጎድለውን ያውቃል፤ እሱ ይምረጥ» የሚል ክርክር ይነሣል። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ሰፊ የጥናቶች ቅኝት የሐኪሞችን የራስ ምዘና ከውጭ ምዘና ጋር ያነጻጸሩ 20 ንጽጽሮችን አይቶ ነበር፤ በ13ቱ ግንኙነቱ ደካማ ነው፣ ወይም የለም፣ ወይም ጭራሹን የተገላቢጦሽ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ 62 ጥናቶችን የመረመረ ሌላ ቅኝት ደግሞ ከግማሽ በሚበልጡት ውስጥ የአገልግሎት ዘመን በጨመረ ቁጥር የሕክምናው ጥራት በሁሉም መለኪያ ሲቀንስ አግኝቷል። እኛ ሽበትን እናከብራለን፤ ማክበራችንም ደግ ነው። ሽበት ግን ዛሬ የሚታዘዘው መድኃኒት ትናንት ከነበረው መለወጡን አይነግረንም።

4. ካርዱን አንብቡ

የመመሪያው ልብ ይህ ነው። ጊዜ ካጠራችሁ ሌላውን ትታችሁ ይህንና ቀጣዩን ብቻ አድርጉ።

ካርዶቹን ሐኪሙ አይምረጥ። የተመላላሽ ክፍሉን ወይም የዋርዱን መዝገብ ያዙና ከአንድ ቀን ጀምራችሁ በተርታ አሥራ ሁለት ቁጥሮችን ውሰዱ። ካርድ ክፍል ሄዳችሁ ሁሉንም እንደማታገኙ አስቀድማችሁ እወቁት። የጠፋው ካርድ ጥፋቱ የሐኪሙ አይደለም፤ ቢሆንም ከአሥራ ሁለቱ አራት ከጠፉ ራሱን የቻለ ግኝት ነውና መዝግቡት።

መለኪያው ከብሔራዊ የሕክምና መመሪያ ይወሰድ፤ ከስምንት ነጥብ አይብለጥ። ለደም ግፊት ክትትል እኛ የተጠቀምንባቸው እነዚህ ነበሩ፦ ግፊቱ ተለክቶ ተጽፏል ወይ? ታካሚው መድኃኒቱን በትክክል መውሰዱን ሐኪሙ ጠይቋል ወይ? ግፊቱ ከ140 ከ90 በላይ ሲሆን የተደረገ ነገር አለ ወይ? የኩላሊትና የሽንት ምርመራ በዓመት አንዴ ታዝዟል ወይ? ስለ ጨው፣ ስለ ሲጋራና ስለ ጫት ተጠይቋል ወይ? መልሱ «አዎ»፣ «አይደለም» ወይም «አይመለከትም» ብቻ ነው። «ጥሩ» እና «መካከለኛ» የሚሉ ቃላት ከቅጹ ይውጡ፤ ይሉኝታ የሚገባው በእነሱ በኩል ነው።

ሁለት ሰው ለየብቻ ያንብብ፤ ሲለያዩ ሦስተኛ ይጨመር። የሐኪሙን ስም መሸፈን ጥሩ ልማድ ነው፤ በእኛ ሆስፒታል ግን ዋጋ አልነበረውም፤ የእጅ ጽሑፉን ሁላችንም እናውቀዋለንና። መፍትሔው ከጎረቤት ሆስፒታል ጋር አንባቢ መለዋወጥ ነው፤ የእነሱ ሰው የእናንተን ካርድ ያነብባል፣ የእናንተ ሰው የእነሱን። የታካሚ ምሥጢር ስለሆነ ካርዱ ከግቢ አይወጣም፤ የሚመጣው አንባቢው ነው፣ ፈርሞም ይገባል።

አንድ ካርድ ላሳያችሁ። የ58 ዓመት ሴት፣ የደም ግፊት ታካሚ፣ በየሁለት ወሩ የምትመጣ። ስድስት ቀጠሮ። ግፊቱ በቅደም ተከተል 168 ከ98፣ 170 ከ96፣ 166 ከ100፣ 172 ከ100፣ 170 ከ98፣ 174 ከ102። ከእያንዳንዱ ቁጥር በታች ያለው የሐኪም ማስታወሻ አንድ ዓይነት ነው፦ «ደህና ናት። ያው መድኃኒት ይቀጥል። ከሁለት ወር በኋላ ትመለስ።» ዓመት ሙሉ መጥታለች፣ ዓመት ሙሉ ተለክታለች፣ ዓመት ሙሉ ማንም አልነካትም። ሐኪሙ ስለ ደም ግፊት ሕክምና ፈተና ቢቀመጡ ሙሉ ነጥብ እንደሚያገኙ እርግጠኛ ነበርሁ።

5. በካርዱ ላይ ተነጋገሩ

ቅጹን ብቻ ይዛችሁ ፍርድ ብትሰጡ ግማሹን ትሳሳታላችሁ። ሐኪሙን ጥሩ፤ ካርዱን በመካከላችሁ አስቀምጡ፤ «ለምን» ከሚለው ይልቅ «ያን ጊዜ ምን አሰቡ» የሚለውን ቃል ተጠቀሙ። «ለምን» በእኛ ቋንቋ የወቀሳ ድምፅ አለው። ከላይ ያነሣኋቸው ሐኪም በዕድሜ ከእኔ አሥር ዓመት ያህል ይበልጡ ነበር።

«ዶክተር፣ አራተኛው ቀጠሮ ላይ ግፊቷ 172 ከ100 ነበር። በዚያች ሰዓት ምን አሰቡ?»

ዝም አሉ። ካርዱን ወደ ራሳቸው ሳቡና ገጹን ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት አገላበጡ።

«መድኃኒቷን አቋርጣ ይሆናል ብዬ ነበር።»

«ጠየቋት?»

«አልጠየቅኋትም። ውጪ ስልሳ ሰው ተቀምጦ ነበር።» ትንሽ ቆዩና ጨመሩ፦ «ኢናላፕሪል ልጨምርላትም አስቤ ነበር። ፋርማሲያችን ከጨረሰ ወራት ሆኖታል። ከውጭ መግዛት እንደማትችል አውቃለሁ። ማዘዙ ምን ይጠቅማታል ብዬ ተውሁት።»

በዚህ አጭር ንግግር ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አለመጠየቁ ልማድ ነው፤ በሥልጠና ሳይሆን በክትትል ይለወጣል። የታካሚው ብዛት የሆስፒታሉ ጥፋት ነው። የመድኃኒቱ እጥረትም እንዲሁ፤ ግን በመደርደሪያው ላይ ሌላ አማራጭ መኖር አለመኖሩን ማጣራት የሐኪሙ ድርሻ ነው። ቅጹ ላይ ሦስቱም አንድ «አይደለም» ሆነው ነበር። ከእያንዳንዱ ሐኪም አሥራ ሁለት ካርዶች ሦስቱን መርጣችሁ እንዲህ ለግማሽ ሰዓት ብትነጋገሩ ይበቃል። ስትጨርሱ እያንዳንዱን ጉድለት በሦስት ረድፍ ክፈሉት፦ የእውቀት፣ የልማድ፣ የተቋም። የሦስተኛው ረድፍ ዝርዝር ለሐኪሙ አይሰጥም፤ ለሆስፒታሉ አመራር ይቀርባል።

6. ሲሠራ ተመልከቱ፤ ብርቅ የሆነውንም በአሻንጉሊት ሞክሩ

ለዕለት ሥራ አንድ ተመልካች ከሐኪሙና ከታካሚው ጋር ለሃያ ደቂቃ ያህል ይቀመጥ፤ ታካሚው ፈቅዶ። አንድ ነገር ብቻ ይመልከት፦ ታሪክ አወሳሰዱን፣ ወይም ምርመራውን፣ ወይም ለታካሚው የሚሰጠውን ማብራሪያ። እዚያው ወዲያው አንድ የተሳካና አንድ የሚሻሻል ነገር ይንገረው። አንድ ምልከታ ምንም አያረጋግጥም፤ በዓመት ውስጥ በተለያዩ ሰዎች አራት አምስት ጊዜ ሲደጋገም ግን መልክ ይይዛል።

ብርቅ የሆነውና ገዳይ የሆነው ግን በምልከታ አይያዝም፤ ተመልካቹ በተገኘበት ቀን አይመጣምና። መተንፈስ ያቆመን ሰው የማነቃቃት ክህሎት ካልተለማመዱት በወራት ውስጥ ይደክማል፤ ሰርቲፊኬቱ ግን አይደክምም። ስለዚህ ሳይነገር ልምምድ አድርጉ። አሻንጉሊቱን አዋላጇ እጅ ላይ አስቀምጡና «አልተነፈሰም» በሉ፤ ሰዓት ያዙ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ አየር መስጠት ካልተጀመረ «ወርቃማ ደቂቃ» የምትባለው የሕፃኑ የመጀመሪያ ደቂቃ አልፋለች።

በእርግዝና መንቀጥቀጥ ላይ ባደረግነው ልምምድ ሐኪሙ የማግኒዚየም ሰልፌትን መጠን ሳይደናቀፍ ተናገረ፦ 4 ግራም በደም ሥር፣ ቀጥሎ 10 ግራም በጡንቻ፣ በሁለቱ መቀመጫዎች 5 ግራም 5 ግራም። «ትንፋሿ ቢዳከምስ?» አልነው። «ካልሲየም ግሉኮኔት፣ 1 ግራም» አለ፤ ትክክል። «አምጣው።» ቁም ሣጥኑ ተቆልፏል። ቁልፉ ያለው ከአንዲት ነርስ ጋር ነው፤ ነርሷ ደግሞ ፈረቃዋን ጨርሳ ሄዳለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ልምምዱን በቃል አንቀበልም፤ መድኃኒቱ እጅ ላይ ሲገባ ነው ሰዓቱ የሚቆመው።

7. ባልደረቦችንና ታካሚዎችን ጠይቁ፤ ይሉኝታን ግን አስቡበት

እንግሊዝ ውስጥ ሐኪሞች ከታኅሣሥ 2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየአምስት ዓመቱ የሙያ ፈቃዳቸው ይረጋገጣል፤ በየዓመቱ ከገምጋሚ ጋር ይቀመጣሉ፤ በዑደቱ ውስጥም የባልደረቦችና የታካሚዎችን አስተያየት ያቀርባሉ። እዚያ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ይህን ያውቁታል፤ በክረምት ሲመጡ ጠይቋቸው። ለዚሁ በተዘጋጀ አንድ መጠይቅ ላይ የተደረገው ጥናት ውጤቱ እንዲታመን ቢያንስ የ34 ታካሚዎችና የ15 ባልደረቦች መልስ እንደሚያስፈልግ አሳይቷል። በትንንሽ ሆስፒታል 15 ባልደረባ ላይገኝ ይችላል፤ አዋላጆችን፣ የፋርማሲና የላቦራቶሪ ባለሙያዎችን ጨምሩ። እንዲያውም ከሐኪም ይልቅ እውነቱን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

መጠይቁን ሐኪሙ አያድል፣ አይሰብስብም። «ባልደረባህን እንዴት ታየዋለህ» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ከአምስት አምስት ይሰጣችኋል፤ ማን ከወንድሙ ጋር ይጣላል? ድርጊት ጠይቁ፦ «ባለፈው ወር ሌሊት ስትደውሉለት ሳይመጣ የቀረበት ጊዜ ነበር?» «ስለ መድኃኒት መጠን ደግማችሁ ስትጠይቁት ተቆጥቶ ያውቃል?» ማንበብ ለማይችል ታካሚ ነጭ ጋውን ያልለበሰ ሰው፣ ከመድኃኒት መስኮቱ በኋላ፣ በር አጠገብ ያንብብለት። «ምን እንደታመሙ ነግሮዎታል? በራስዎ ቃል ይንገሩኝ» የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል።

የታካሚ ፍቅር ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የእንግሊዙ ሥርዓት እንዲጠነክር ከገፋፉት ጉዳዮች አንዱ ሃሮልድ ሺፕማን ነው፤ በማንቸስተር አቅራቢያ ሃይድ ውስጥ የሚሠራ፣ ታካሚዎቹ የሚወድዱት የቤተሰብ ሐኪም ነበር። በጥር 2000 እ.ኤ.አ. 15 ታካሚዎቹን በመግደል ተፈረደበት፤ የኋላው አጣሪ ኮሚሽን 215 ተጠቂዎችን ለይቷል። ሐቁ ይህ ነው፤ የብቃት ምዘና ወንጀለኛን ለመያዝ የተሠራ አይደለም። የሞት መዝገብንና የመድኃኒት ወጪን የሚያይ ሌላ ዓይን ያስፈልጋል።

8. ቁጥሮቹን ስታዩ ተጠንቀቁ

የሞትና የኢንፌክሽን ቁጥር በሐኪም ስም ከፍሎ መለጠፍ ያጓጓል። አታድርጉት። 20 ቀዶ ሕክምና ሠርቶ አንድም ሰው ያልሞተበት ሐኪም እውነተኛ የሞት መጠኑ እስከ 15 በመቶ ሊደርስ ይችላል፤ ትንሽ ቁጥር ይህን ያህል ይዋሻል። በዚያ ላይ ከባዱን ታካሚ የሚረከበው ጎበዙ ነው። ቁጥር ጥያቄ ይጀምራል፤ መልሱን ካርዱ ላይ ፈልጉት።

9. ወስኑ፣ አግዙ፣ እንደገና ለኩ

ሦስት ሰው ይቀመጥ፤ አንዱ ከሌላ ሆስፒታል ይሁን። ውሳኔው ከሦስት አንዱ ነው፦ ይቀጥል፤ በዕቅድ ይታገዝ፤ ከተወሰነ ሥራ ለጊዜው ይነሣ። ሐኪሙ ግኝቱን በጽሑፍ ይቀበላል፤ መልሱን በጽሑፍ የመስጠት ጊዜም ይኖረዋል። ብቃት የቀነሰበት ምክንያት ሕመም ሊሆን እንደሚችልም አትርሱ፤ የዓይን መድከም፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ መጠጥ፣ ወይም ሦስት ሆስፒታል እየዞሩ መሥራት ያመጣው ድካም። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ሐኪም ነው እንጂ ሥልጠና አይደለም።

ዕቅድ ሲጻፍ «እውቀቱን ያሻሽላል» አይባል። ለእኚያ ሐኪም የተጻፈው ይህ ነበር፦ ግፊቱ ከ140 ከ90 በላይ በሆነ ቁጥር ከማስታወሻው ሥር «ጠየቅሁ» እና «አደረግሁ» የሚሉ ሁለት መስመሮች ይሞላሉ፤ ፋርማሲው በየሰኞ ጠዋት በሞርኒንግ (በሐኪሞች የጠዋት ስብሰባ) ላይ ያለውንና የሌለውን የግፊት መድኃኒት ዝርዝር ያስነብባል፤ ከሦስት ወር በኋላ አሥራ ሁለት አዲስ ካርዶች ይነበባሉ። ሁለተኛው ነጥብ ለሐኪሙ ሳይሆን ለሆስፒታሉ የተሰጠ ግዴታ መሆኑን አስተውሉ።

ከሦስት ወር በኋላ የዚያችን ሴት ካርድም አስወጣነው። ሰባተኛው ቀጠሮ ላይ ግፊቷ 152 ከ94 ነበር፤ ገና ነው። ከሥሩ ግን በሐኪሙ እጅ ሁለት መስመር ተጽፏል፦ «ጠየቅሁ፤ ወር ሊያልቅ አሥር ቀን ሲቀረው መድኃኒቱ ያልቅባታል፤ ክኒኑን ለባሏም ታካፍላለች። አደረግሁ፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ተጨመረ፤ ባሏ ሐሙስ ይምጣ።»